የአራት ጣት ስፋት

"ሜትሩ" የሚባለው ልብስ ሰፊ ለታላቅ እህቱ የሰጣት ስጦታ እሷ ዘንድ ከርሞ አያውቅም። ሻርፕ ገዛላት፤ ሳምንት ሳይሞላ የፋርማሲዋ ልጅ አንገት ላይ አየው። የግድግዳ ሰዓት አመጣላት፤ ሰዓቱ ዛሬ የሚቆጥረው ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ገበሩን በሐር፣ ኪሱን በድርብ ስፌት አድርጎ በገዛ እጁ የሠራላት የሱፍ ካፖርት እንኳ አልተረፈም። ወተት የምታዞረው ሴት ለብሳው በሱቁ ፊት ስታልፍ "እንደምን አደሩ?" አለችው፤ እሱም ካፖርቱን እያየ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ሌላ ምን ይበል?

"ታዲያ በብርድ ስትንቀጠቀጥ እያየሁ ዝም ልበላት?" አለችው እህቱ፣ ሲጠይቃት። "እኔ እንደሆንኩ ከቤት አልወጣ። ምን ያደርግልኛል?"

አለመውጣቷስ እውነት ነው። እግሯ ከከዳት ወዲህ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ነው የምትውለው። ጠያቂ አይጠፋባትም፤ ከሁሉ የማትቀረው ግን ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ይቺ ሴት ከዚያ ቤት ባዶ እጇን ስትወጣ ታይታ ስለማታውቅ ሰፈሩ "ወራሿ" ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሜትሩ ነው የሚሉ አሉ፤ እሱ አያምንም፣ አይክድምም። የእሱን ስም ደግሞ ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሰው ደጁን አልፎ ሲገባ ትከሻውንና ወገቡን በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ለወጉ ያህል ነው ይሉታል።

እናታቸው የሞተችው እሱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ፎቶግራፍ የላትም። ከእሷ የሚያስታውሰው አንዳች ነገር የለም፤ እናት ሲባል ፊቱ ድቅን የምትለው ይቺው እህቱ ናት፣ እታለም የሚላት፣ አጥባ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው። ስለዚህ ነገሩ የስስት አልነበረም፤ የሚያመው የዕቃው መሄድ አይደለም። ከእሱ የመጣ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ይዛ "ይሄስ የእኔ ነው" ስትል መስማት ነው የሚፈልገው። ጸጉሩ ሸብቶ፣ ልጅ ድሮ፣ አያት ሊሆን ደርሶ ይህን መመኘቱ ያሳፍረዋል። ቢያሳፍረውም ይመኛል።

የልብስ ሰፊዎች ማኅበር አውቶቡስ ተከራይቶ አባላቱን በባሕር ጠረፍ ያለች ጥንታዊት ከተማ ሊያስጎበኝ በተነሣ ጊዜ ሜትሩ ሊሰናበታት ገባ። ወራሿም ነበረች።

"አንድ ነገር አምጣልኝ" አለችው እታለም።

ጆሮውን አላመነም። እታለም በዕድሜዋ "አምጣልኝ" ብላው አታውቅም። "ምን ላምጣልሽ?"

"እኔ ምን አውቄ? ባሕር አይቼ አላውቅ።" ትራሷን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። "ብቻ ለእንግዳ ብለው የሠሩትን እንዳታመጣብኝ። የራሳቸው የሆነ፣ የሚኖሩበትን ነገር።"

"የማይሰበር ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው" አለች ወራሿ ከጥግ።

ሜትሩ መንገዱን ሙሉ ሲያሰላስል ሄደ። ጠይቃዋለች። ከእንግዲህ ለሌላ ብትሰጠው "ሳልጠይቅህ ነው ያመጣኸው" የምትልበት በር ተዘግቷል። የፈለገችውን ቢያመጣላት ደግሞ ምናልባት፣ ምናልባት ይህኛው ይቀር ይሆናል።

ከተማዋ ዕድሜ የጠገበች ናት። ግንቧን ጨው በልቶታል፣ የውስጥ መንገዶቿ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም፣ የቤቶቹ በር ከባድ እንጨት ነው። በወደቡ ፊት ለፊት ግን መደዳውን የማስታወሻ ሱቅ ነው። ሜትሩ ከጓደኛው ከአዝራሩ ጋር ገባባቸው። አዝራሩ ሥራው አዝራር መትከልና ቀዳዳውን መዘምዘም ነው፤ በትንሽ ነገር የሚደሰት ሰው ነው፣ ገና ከመጀመሪያው ሱቅ ሦስት የእንጨት ጀልባና አንድ የዛጎል ሐብል ገዝቶ ወጣ።

ሜትሩ አንድ ጀልባ አነሣ። ጀልባዋ ቆንጆ ናት። ከጎኗ ያለችውንም አነሣ፤ ያቺም ቆንጆ ናት፣ በዚያው ቦታ ላይ በዚያው ዓይነት ተሰንጥቃለች። ስንጥቁ ሳይቀር የተሠራ መሆኑ ገባው። ወደ ጨርቁ ዞረ። "በእጅ የተጠለፈ" ተብሎ የተጻፈበትን ሻርፕ ገልብጦ አየው፤ ከሥር ያለው ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ነው።

"ይሄ እኮ የመኪና ሥራ ነው" አለው ለባለሱቁ።

"መኪናዋን የሚያንቀሳቅሳት እጅ አይደለም እንዴ፣ አባቴ?" አለ ባለሱቁ፣ ቅር ሳይለው።

እሱስ ያንን ካፖርት በምን ሰፋው? በስፌት መኪና። "በገዛ እጄ" እያለ ሲናገር ግን አንድም ቀን የዋሸ መስሎት አያውቅም። ሻርፑን ሲመልስ ቀድሞ ያውቀው የነበረው ነገር እየተምታታበት ነበር።

"እሺ፣ እናንተስ? እቤታችሁ ያለው፣ የራሳችሁ የምትሉት ነገር ምንድነው?"

ባለሱቁ ጥያቄውን በቁም ነገር ወሰደው። አገጩን ይዞ አሰበ። "እኛ ቤት..." አለ። "ቴሌቪዥን አለ።"

ከዚያ ወዲያ ሜትሩ ግራ እንደገባው ከተማዋን ዞረ። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ከውኃው በላይ የሚያንሳፍፉት በባዶ የዘይት ጀሪካን መሆኑን አየ። የሚኖሩበት ነገር ከተባለ ይሄ ጀሪካን ነው፤ ግን ጀሪካን ይዞ እታለም ፊት መቅረብ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። ከዳርቻው አንድ ድንጋይ አነሣ፣ "እኛ ሰፈር ድንጋይ ጠፍቶ ነው?" ስትለው ታየውና ጣለው። የባሕር ውኃ በጠርሙስ ሞላ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ ያው ውኃ ሆነ። ደፋው። ማታ ማደሪያቸው ሲገባ ባዶ እጁን ነበር።

"ሰውዬ" አለው አዝራሩ፣ ጀልባዎቹን በካልሲ እየጠቀለለ፣ "ከባሕር የመጣ ነው በላትና ስጣት። ምን ታጣራለህ? መርማሪ ነህ?"

"ትሰጥብኛለቻ" አለ ሜትሩ።

"ብትሰጥስ?"

ይህን ለአዝራሩ ማስረዳት አይቻልም። ሜትሩ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

በማግስቱ ሌሎቹ ምሽጉን ሊጎበኙ ሲሄዱ እሱ ብቻውን ወደ መኖሪያ ሰፈሩ ዘለቀ። ሱቅ የለም። የተሰጣ ልብስ አለ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ይሰማል። አንድ ደጃፍ ላይ ጠና ያለች ሴት ተቀምጣ መረብ ትጠግናለች። መረቡን በእግሯ አውራ ጣት ወጥራ ይዛዋለች፤ በቀኝ እጇ ክር የተጠመጠመበት የእንጨት መርፌ፣ በግራዋ ደግሞ ጠፍጣፋ አጭር እንጨት። ክሩን በእንጨቷ ላይ ታዞራለች፣ ትቋጥራለች፣ እንጨቷን ስባ ታወጣለች፤ አንድ የመረብ ዓይን ተሠራ። ደግሞ ሌላ። ዓይኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ሜትሩ ጥሩ ሥራ ሲያይ የመጣበትን ይረሳልና እዚያው ተገትሮ ቀረ።

"ጉዳይ ካለህ ተቀመጥ፤ ከሌለህም ብርሃኔን አትከልልብኝ" አለችው ቀና ሳትል።

ተቀመጠ። "እትዬ፣ ያቺ እንጨት መለኪያ ናት?"

"ናት።"

"ስፋቷ ስንት ነው?"

"እኔን ነው የምታህለው።" እንጨቷን በግራ እጇ አራት ጣቶች ላይ አጋደመቻት። ከሌባ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ ድረስ ልክክ አለች። "እዚህ እያንዳንዷ ሴት የምትሠራው በራሷ ጣት ልክ ነው። ማዕበል መረቡን ሁሉ በጣጥሶ አንድ ላይ ሲተፋው ምን ታደርጋለህ? ዓይኑን ለክተህ ይሄ የእገሊት ነው ትላለህ።" በአገጭዋ ወደ ውስጥ ጠቆመች። "የምራቴ ዓይን ጠባብ ነው፤ ቀጭን ናታ። ጫጩት አሳ ሳይቀር ትለቅማለች ይሏታል። እኔ አላልኩም።"

የሜትሩ ዓይን በራ። ይኸው። ሱቅ ውስጥ የማይሸጥ፣ ለእንግዳ ያልተሠራ፣ የሚኖሩበት። "ይሽጡልኝ" አለ።

"ጣቴን?" ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። "ለማን ነው?"

"ለእህቴ።"

"መረብ ትሠራለች?"

"አትሠራም። ባሕርም አይታ አታውቅ።"

"ታዲያ ምን ታደርግበታለች?"

"እንጃ" አለ ሜትሩ። አፍ አውጥቶ ሲናገረው ነገሩ ለራሱም ሞኝነት መሰለው። "የራሳቸው የሆነ ነገር አምጣልኝ ብላኝ ነው።"

ሴትዮዋ መርፌዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "የእኔን ብትወስድላት የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይሆናት። የእሷን ልክ ስጠኝና ላብጅላት። ጣቷ ምን ያህላል?"

ሜትሩ የእታለምን ትከሻ ያውቃል፣ ወገቧን፣ የቀሚሷን ቁመት ያውቃል። ጣቷን? ባለፈው ሳምንት ብርጭቆ ይዛ አይቷታል፤ ቀጫጭን፣ እንደ ልጅ ያሉ ጣቶች ታዩት። ግን እነሱን ገፍቶ ሌላ እጅ መጣበት፣ ለማንም ነግሮት የማያውቀው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ነጎድጓድ ቤቱን ያናውጠዋል፣ እሱ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሰፊ ሞቃት እጅ መጥቶ ደረቱ ላይ ያርፋል። እሱም የራሱን እጅ በዚያ እጅ ላይ ያጋድማል፣ ፍርሃቱም ይቆማል። ሜትሩ ዕድሜውን ሙሉ እታለምን ሲያስብ የሚያስበው በዚያ እጅ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ይህን ማውራት አይመችምና አውርቶት አያውቅም። አሁን ለማያውቃት ሴት ነገራት።

"የልጅ ዓይን ሁሉን ያገዝፋል" አለች ሴትዮዋ።

"በዓይኔ አይደለም የለካሁት።" ሙያው ተነካና ሜትሩ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። "እጄን አጋድሜበት ነበር። ከእጄ አንጓ እስከ መሃል ጣቴ መታጠፊያ ድረስ አራት ጣቶቿን ሞልቷል። የአራት ዓመት ልጅ እጅ ስንት እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ፤ የመዋዕለ ሕፃናቱን ልብስ ሁሉ የምሰፋው እኔ ነኝ።" የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ዘረጋና ልኩን በጥፍሩ ያዘላት።

ሴትዮዋ አየችው። "ትልቅ እጅ ነው።"

"ያሳደገ እጅ ነው" አለ ኮራ ብሎ።

ይበል እንጂ ብርጭቆ የያዙት ቀጫጭን ጣቶች አልለቀቁትም። ደንበኛ ቢሆን ኖሮ "ይምጡና ልለካዎት" ብሎ ያሰናብት ነበር። ሰው ሲያረጅ ይከሳል፣ አለ በልቡ፤ ከሁለቱ ደግሞ እውነተኛው የቱ ነው? ያሁኑ ነው ወይስ ያኔ የያዘው? ይህን ሊፈታው አልቻለም። ሴትዮዋም እስኪፈታው አልጠበቀችም። ከቤት አንድ ቁራጭ እንጨት አውጥታ በጥፍሩ ምልክት ልክ ቀረጸችው፣ ጠርዙን በስባሪ ብርጭቆ ፋቀችው። እሱም በልዋጩ የተተረተረ እጅጌዋን እዚያው ደጃፍ ላይ ሰፋላት።

"ለዚህ ነው ሁለት ቀን የዞርከው?" አለው አዝራሩ አውቶቡስ ውስጥ፣ እንጨቷን ገልበጥ አድርጎ እያየ። "ይሄ እኮ ማስመሪያ ነው። ቁጥር የሌለው ማስመሪያ።"

ሜትሩ አልተቆጣም፤ ራሱም ምን እንደያዘ አላወቀም ነበርና። እንጨቱ የዚያ ሀገር ነው፣ ልኩ የእሱ ቤት። ለእንግዳ ብለው የሠሩትን እንዳታመጣ ብላው ነበር፤ ይሄ ደግሞ ከራስ እስከ እግሩ ለእንግዳ የተሠራ ነው። ለእሷ ለራሷ። ታዲያ የማን ነው? ነገሩን ባገላበጠው ቁጥር እየባሰበት ሄደ። ቤት ሲደርሱ አንድ ነገር ብቻ እርግጠኛ ነበር፤ ወራሿ ቀድማው ደርሳለች።

ደርሳለችም። አልጋው ጥግ ባለው ወንበር ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

እታለም ወረቀቱን ፈታች። እንጨቷን አገላብጣ አየቻት። "ምንድናት?"

ሜትሩ ስለ መረቡ፣ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ጣቱ ልክ እየተንተባተበ አስረዳት። ሰምታ ስትጨርስ አራት ጣቶቿን ገጠመችና እንጨቷን አጋደመችባቸው። እንጨቷ ተረፈች። በጥቂት ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ድፍን አንድ ጣት ሙሉ ተርፋ በሌላው ወገን ወጣች። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚለካ ሰው የገዛ እህቱን ልክ ሳተ።

"ግዴለም" አለች ወራሿ አዝናለት። "በር ማስደገፊያ ይሆናል። የእኔ በር እንደሆነ ንፋስ ያስቸግረዋል።"

እታለም እንጨቷን ከጣቶቿ ላይ አላነሣቻትም። "ልኩን ከየት አመጣኸው?"

"ካንቺ ነዋ።"

"ለክተኸኝ አታውቅ።"

በወራሿ ፊት መናገሩ ከበደው፤ ግን ተናገረ። ዝናቡን ነገራት፣ ነጎድጓዱን፣ ደረቱ ላይ ያረፈውን እጅ። "አንቺ ነበርሽ እንጂ" አለ መጨረሻ ላይ። "ያኔ እጅሽ ትልቅ ነበር።"

እታለም ዓይኗን ከእንጨቷ ላይ አነሣች።

"አንተ አራት ዓመት ሲሞላህ እኔ ስንት ነበርኩ?"

"እ..."

"አሥራ አንድ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይሄን የሚያህል እጅ ከየት ታመጣለች? እኔማ ነጎድጓድ ሲመጣ ካንተ ብሼ አልጋ ሥር ነበር የምገባው።" ጣቷን ተርፎ በወጣው ጫፍ ላይ አሳረፈች። "ይሄ የእማዬ እጅ ነው።"

ሜትሩ የሰማውን ለመያዝ ሞከረ። ቁጥር ነው፣ ሥራው ደግሞ ቁጥር ነው፣ ግን አልያዝ አለው።

"እማዬን አላስታውሳትም" አለ።

"አላስታውሳትም ትላለህ። እጇ ልክ ይሄን ነበር የሚያህለው።" መዳፏን እንጨቷ ላይ ዘረጋች። "ልጅ ሳለህ እማዬን ታስታውሳታለህ ወይ ብዬ ብጠይቅህ 'የቷ እማዬ?' አልከኝ። ከዚያ በኋላ መልሼ አልጠየቅሁህም። ይኸው እስከ ዛሬ ብቻዬን ነበር የማስታውሳት።"

አለቀሰች። ሜትሩ እታለም ስታለቅስ አይቶ አያውቅም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ደስ ሊለው ይገባል፤ በዚህ ዕድሜው እናት አግኝቷል። አልሆነለትም። ዕድሜውን ሙሉ እታለምን የወደደበት እጅ የእሷ አልነበረም ማለት ነው። ለእሷ የሚገባውን ለሌላ ሲሰጥ የኖረ መስሎት ፈራ፣ ለሌላይቱም የሚገባውን ለእሷ።

"ታዲያ አንቺንስ በምን ላስታውስሽ?" አላት። ከአፉ ሲወጣ የልጅ ጥያቄ ነበር።

"እኔ አለሁ አይደለም እንዴ?" አለች ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "ምን ታስታውሰኛለህ? እየኝ።"

አያት። ትንሽ ሴት ናት፣ ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ትከሻዋ እሱ ከሚሰፋላት ልክ በጣም ጠቧል። ቀሚሷን ሁሉ ለዓመታት በድሮው ልክ ሲሰፋ እንደኖረ አሁን ገና ታየው፤ እሷም አንድ ቀን ሰፋብኝ ብላው አታውቅም።

ወራሿ የቤተሰብ ነገር መሆኑ ገብቷት ተነሣች። "በሉ እናንተ ተጫወቱ" አለች።

"ቆይ፣ ነይ እስቲ" አለቻት እታለም። "የእናቴን እጅ እይልኝ።"

እንጨቷን ሰጠቻት። ወራሿ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አገላብጣ አየች፣ እንደ ልማዷም ወደ ብብቷ ልትወስዳት ስትል እታለም እጇን ዘርግታ እየጠበቀች እንደሆነ አየች። መለሰችላት።